ስለ ኢንተርኔት ገመድ አገባብና ስለ አድራሻ አጠባበቅ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት አርእስት ለጆሮ ጥቂት ደረቅ የሚመስል ነው። ይኸውም በሊኑክስ ሥርዐት የሚሠራ ኮምፒዩተር በገመድ ከኢንተርኔት ጋር እንዴት እንደሚገናኝ፣ ግንኙነቱም እምቢ ባለ ጊዜ ጉድለቱ በምን ተራ እንደሚመረመር ነው። «ይህ የባለሙያ ጉዳይ ነው እንጂ የእኛ የጽሕፈት ቤት ሰዎች ጉዳይ አይደለም» የሚል አድማጭ ቢኖር አልፈርድበትም፤ እኔም ቀድሞ እንዲሁ እል ነበርና። ነገር ግን ዛሬ ደብዳቤው፣ የደመወዙ ዝርዝር፣ የባለጉዳዩ መዝገብ ሁሉ በዚያች ቀጭን ገመድ የሚመላለስ ስለ ሆነ፣ ገመዷን የነካ እጅ የሰው ጉዳይ ነካ ማለት ነው። ይህንንም የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ጥፋት ነውና፣ አስቀድሜ እርሱን ልንገራችሁ።

ቀድሞ እሠራበት በነበረው መሥሪያ ቤት ለእኔ የተሰጠኝ ኮምፒዩተር ያረጀ ነበር። ስለዚህ አለቃዬን አስፈቅጄ የነበረበትን ሥርዐት አስወጣሁና ኡቡንቱ የሚባለውን ጫንሁበት። ማሽኑም ፈጠነ፤ ሥራውም አማረልኝ። የኔትወርኩን ገመድ ብሰካው ግን ኢንተርኔት አልመጣም። ለካ በዚያ መሥሪያ ቤት ለእያንዳንዱ ኮምፒዩተር የተለየ ቍጥር የሚሰጠውና በደብተር መዝግቦ የሚይዘው የኔትወርክ ባለሙያው ኖሯል፤ እርሱም በዚያ ሳምንት የዓመት ፈቃድ ላይ ነበር። እኔ ግን መታገሥ አልቻልሁም። የጎረቤቴን ማሽን ቍጥር ብመለከት 192.168.1.20 ይላል። «እንግዲያውስ» ብዬ የመጨረሻውን ብቻ ለውጬ 192.168.1.25 የሚል ጻፍሁ። ወዲያው ተገናኘ። ደስ አለኝ፤ ሊቅ የሆንሁም መሰለኝ።

ያ ቍጥር ግን ባለቤት ነበረው። የደመወዝ ሒሳብ የምትሠራው ወይዘሮ ኮምፒዩተር ቍጥር ነበር፤ ማሽኗ በዚያ ሰዓት ተዘግቶ ስለ ነበረ ብቻ የተቃወመኝ አልተገኘም። ከቀትር በኋላ ወይዘሮዋ ማሽኗን ከፍታ የወሩን የደመወዝ ዝርዝር ወደ ባንክ ለመላክ ብትሞክር መስመሩ አንድ ጊዜ ይመጣል፣ አንድ ጊዜ ይጠፋል። ገመዱን ነቅላ ሰካች፤ ማሽኑን አጥፍታ አበራች፤ አልሆነም። ሥራዋን አቈየች ተብላም በሰው ፊት ተወቀሰች። እኔም ከሩቅ ሆኜ አዘንሁላት፤ የመከራዋ ምክንያት እኔ እንደ ሆንሁ ግን አላወቅሁም።

በሦስተኛው ቀን ባለሙያው ከፈቃዱ ተጠርቶ መጣ። ደብተሩን ገለጠ፤ በዚያ ቍጥር የሚመልሰው ማሽን እርሱ የመዘገበው ማሽን አለመሆኑን አየ፤ ገመዱንም ተከትሎ እኔ ጠረጴዛ ድረስ መጣ። ደመወዙ ሁለት ቀን ዘግይቶ ተከፈለ። ለእኔ ሁለት ቀን ምንም አልነበረም፤ የቤት ኪራይ ቀን ለደረሰበት ዘበኛና ለልጇ መድኃኒት ለምትገዛው የጽዳት ሠራተኛ ግን ብዙ ነበር። ወይዘሮዋን ወቀሳ በተቀበለችበት በዚያው ቢሮ፣ በአለቃዋ ፊት፣ ይቅርታ ጠየቅኋት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው እንደ እኔ ላለው ሰው ነው።

አድማጮች ሆይ፤ ከዚህ በኋላ ነገሩን በተራ ለመማር ወሰንሁ። የተማርሁትንም እንደሚከተለው በአጭሩ እገልጣለሁ።

አስቀድሞ ስለ ሥርዐቱ ጥቂት ልበል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1983 ዓ.ም. ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ፣ ማንም ሰው ሊጠቀምበት፣ ውስጡን ሊመረምረው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላ ሊያካፍለው የሚችል የኮምፒዩተር ሥርዐት እንዲሠራ ሐሳብ አቀረበ። በ1991 ዓ.ም. ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሥርዐቱን እንብርት ሠርቶ ለሕዝብ አወጣ፤ ሊኑክስ የሚለውም ስም ከዚያ መጣ። ከዚህ መሠረት ላይ ብዙ ዓይነት ሥርዐቶች ተሠርተዋል። ደቢያን የሚባለው በ1993 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ኡቡንቱ ደግሞ ከደቢያን ተወልዶ በ2004 ዓ.ም. ወጣ። ለሁለቱም የፈቃድ ገንዘብ አይከፈልም፤ አሠራራቸውም ለሚመረምር ሁሉ ክፍት ነው። ክፍትነቱ ግን ተጠቃሚውን ከኀላፊነት ነጻ አያወጣውም፤ ይልቁንም ብዙ ነገር በእጁ ስለ ተተወለት ኀላፊነቱ ይጨምራል።

አሁን ወደ አድራሻው ነገር እንመለስ። በኔትወርክ ውስጥ ያለ ማሽን ሁሉ ሁለት መታወቂያ አለው። አንደኛው ከፋብሪካው በኔትወርክ ካርዱ ላይ የተቀመጠለት መለያ ነው፤ ይህን እንደ ሰው የጣት አሻራ ልንቈጥረው እንችላለን። ሁለተኛው አይ ፒ አድራሻ የሚባለው ነው፤ እርሱም በነጥብ የተለያዩ አራት ቍጥሮች ያሉበት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቍጥር ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። ይህኛው እንደ ቤት ቍጥር ያለ ነው፤ ማሽኑ ወዳለበት ቦታ መልእክት የሚደርሰው በእርሱ ነውና። አንዱ ማሽን ለሌላው መልእክት ሊልክ ሲፈልግ «የዚህ ቍጥር ባለቤት ማን ነው?» ብሎ ለሁሉ ይጠይቃል፤ ባለቤቱም የፋብሪካ መለያውን ጠቅሶ «እኔ ነኝ» ብሎ ይመልሳል። እንግዲህ ሁለት ማሽኖች አንድ ቍጥር ከያዙ ሁለቱም «እኔ ነኝ» ይላሉ፤ ጠያቂውም አንድ ጊዜ የአንደኛውን፣ አንድ ጊዜ የሌላውን መልስ ይይዛል። ከዚህም የተነሣ ለወይዘሮዋ ይመጣ የነበረው መልእክት ወደ እኔ እየዞረ ይጠፋ ነበር። ያ ሁሉ የሆነው ከአንዲት ቍጥር የተነሣ ነው።

ይህን ካወቅን ዘንድ ገመዱን ወደ መስካት እንሂድ። ሥራው አምስት ደረጃ አለው፤ የፊተኛው ሳይጸና ወደ ኋለኛው ማለፍ አይገባም።

የመጀመሪያው ደረጃ ገመዱ ራሱ ነው። የኔትወርክ ገመድ በውስጡ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት። ጫፉን ወደ ቀዳዳው ስንሰካው «ቀጭ» የሚል ድምፅ እስኪሰማ ድረስ መግባት አለበት። ገመዱ የገባበትን ቀዳዳ ብንመለከት በብዙ ማሽኖች ላይ ትንንሽ መብራቶች እናያለን፤ በሩ በርቶ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ በሁለቱ ጫፎች መካከል ግንኙነት አለ ማለት ነው። መብራቱ ከሌለ ግን ኮምፒዩተሩን ከመነካካት በፊት የገመዱን ሌላ ጫፍ መፈለግ ይገባል። ብዙ ጊዜ ገመዶቹ የሚሰበሰቡበት ስዊች የሚባለው ሣጥን ኤሌክትሪክ ተቋርጦበት፣ ወይም ጽዳት ሲደረግ ሶኬቱ ተነቅሎ ይገኛል። እርሱም ደኅና ከሆነ በሌላ ገመድ መሞከር ነው። ገመዱ ከ100 ሜትር በላይ እንዳይረዝም ደንብ አለ፤ ከዚያ ካለፈ መልእክቱ እየደከመ ይሄዳል። በበር ሥር የተቀጠቀጠ፣ በወንበር እግር የተረገጠ ገመድ ከውጭ ሲያዩት ደኅና መስሎ ከውስጥ ሊቈረጥ ይችላልና፣ ይህንም ማሰብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ደረጃ ሥርዐቱ የኔትወርክ ካርዱን ማወቁን መመርመር ነው። በኡቡንቱና በመሰሎቹ ላይ «ሴቲንግስ» የሚለውን ከፍተን «ኔትወርክ» ወደሚለው ስንገባ፣ «ዋየርድ» ማለት «በገመድ የሆነ» የሚል ክፍል እናገኛለን። ክፍሉ ኖሮ ገመድ እንዳልተሰካ ቢነግረን ወደ መጀመሪያው ደረጃ እንመለሳለን። ክፍሉ ጨርሶ ከሌለ ግን ሥርዐቱ ካርዱን አላወቀውም፤ ካርዱ የሚያስፈልገው የማንቀሳቀሻ ፕሮግራም ጐድሎ ሊሆን ይችላል። ደቢያን ለብዙ ዘመን ውስጣቸው ያልተገለጠ እንደዚህ ያሉ ፕሮግራሞችን ከመጫኛው አያስገባም ነበር፤ በ2022 ዓ.ም. አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ሐሳባቸውን ስለ ለወጡ፣ በ2023 ዓ.ም. ከወጣው ከደቢያን 12 ጀምሮ አብረው ይመጣሉ። ያረጀ መጫኛ በእጁ ያለ ሰው ይህን ልብ ይበል። የጐደለውን ፕሮግራም ለማምጣት ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ ያለ ፕሮግራሙ አይመጣም። ለዚህ ችግር ቀላሉ መፍትሔ የእጅ ስልክን በዩ ኤስ ቢ ገመድ ከኮምፒዩተሩ ጋር አያይዞ ከስልኩ ላይ ኢንተርኔት ማካፈልን መክፈት ነው፤ ሊኑክስ አብዛኛውን ጊዜ ስልኩን እንደ ገመድ ኔትወርክ አድርጎ ይቀበለዋል። የስልኩ ሒሳብ እንደሚቀነስ ግን አይዘንጋ።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ምክር ልጨምር። ኡቡንቱ ሳይጫን ከዩ ኤስ ቢ ፍላሽ ላይ ተነሥቶ ሊሞከር ይችላል። ስለዚህ የቀድሞው ሥርዐት ከመጥፋቱ በፊት በዚህ መንገድ ገመዱን ሰክቶ ካርዱ መታወቁን ማየት የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው።

ሦስተኛው ደረጃ አድራሻ ማግኘት ነው። ይህ በሁለት መንገድ ይሆናል። በብዙ ቤትና መሥሪያ ቤት አድራሻ የሚያድል ማሽን አለ፤ አሠራሩም ዲ ኤች ሲ ፒ ይባላል። አዲስ የገባው ኮምፒዩተር «አድራሻ የሚሰጠኝ ማን ነው?» ብሎ ይጣራል፤ አዳዩም «ይህን ውሰድ» ይለዋል፤ እንግዳው «እርሱን እሻለሁ» ይላል፤ አዳዩ «ተፈቅዶልሃል» ብሎ ይመዘግበዋል። አድራሻውም የሚሰጠው ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ ጊዜው ሲቀርብ ኮምፒዩተሩ ራሱ ያሳድሳል። እንዲህ ባለ ቦታ ከእኛ የሚፈለግ ሥራ የለም። «ዋየርድ» ከሚለው አጠገብ ያለችውን የጥርስ ጎማ ምስል ነክተን፣ «አይ ፒ ቪ 4» በሚለው ገጽ ላይ «አውቶማቲክ» የሚለው መመረጡን ማረጋገጥ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መንገድ እንደ እኔ የቀድሞ መሥሪያ ቤት አድራሻው በሰው እጅ የሚሰጥበት ነው። በዚህ ጊዜ በዚያው ገጽ ላይ «ማኑዋል» የሚለው ይመረጥና ባለሙያው የሰጠን ቍጥሮች ይጻፋሉ። እነርሱም አድራሻው፣ የኔትወርኩን ወሰን የሚያሳየው ኔትማስክ፣ ወደ ውጭ መውጫ በር የሆነው ጌትዌይ፣ ስምን ወደ ቍጥር የሚተረጕመው የዲ ኤን ኤስ አድራሻ ናቸው። ከዚያ «አፕላይ» የሚለውን ነክተን ግንኙነቱን አንድ ጊዜ ዘግተን እንከፍተዋለን። እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ቃል ይህ ነው፤ አድራሻ ይሰጣል እንጂ አይወሰድም። «ማንም አልያዘውም» ብሎ መገመት አይበቃም፤ ባለቤቱ ማሽኑን ዘግቶ ምሳ ሄዶ ይሆናልና። ባለሙያው ከሌለ ተተኪውን መጠየቅ፣ ተተኪም ከሌለ መታገሥ ይሻላል። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» የሚለው የአባቶች ቃል ለዚህም ይሠራል።

አራተኛው ደረጃ በሩን ማንኳኳት ነው። አድራሻው ከተገኘ በኋላ በዚያችው በጥርስ ጎማ ምስል ስንገባ «ዲቴልስ» የሚለው ገጽ የያዝነውን አድራሻና የመውጫውን በር ቍጥር ያሳየናል። ለምሳሌ በሩ 192.168.1.1 ቢሆን፣ «ተርሚናል» የሚባለውን የጽሑፍ መስኮት ከፍተን ፒንግ የሚለውን ትእዛዝ፣ ይኸውም ፒ፣ አይ፣ ኤን፣ ጂ የሚሉትን አራት የላቲን ፊደላት በንኡሱ ጽፈን፣ አንድ ክፍት ቦታ ትተን የበሩን ቍጥር እናስከትላለን። በሩ ከመለሰ መልሱ በሺህኛ ሰከንድ እየተቈጠረ ይደረደራል፤ ለማቆም «ኮንትሮል» የሚለውንና ሲ የተባለችውን ፊደል አንድነት መጫን ነው። በሩ ካልመለሰ ጉድለቱ ገና በግቢያችን ውስጥ ነውና፣ የኢንተርኔት አቅራቢውን ከመውቀስ እንቈጠብ።

አምስተኛው ደረጃ የውጭውን መንገድና የስሙን ትርጕም መለየት ነው። በሩ ከመለሰ በዚያው ትእዛዝ በውጭ ያለ የታወቀ ቍጥር፣ ለምሳሌ ጉግል ለሕዝብ ያዋለውን 8.8.8.8 እንጠይቅ። በሩ መልሶ ይህ ዝም ካለ፣ ከግቢያችን ወደ ውጭ የሚወስደው መስመር ተቋርጦ ይሆናል፤ አሁን አቅራቢውን ለመጥራት በቂ ምክንያት አለን። ቍጥሩ መልሶ የድረ ገጽ ስም ስንጽፍ ግን የማይገኝ ከሆነ፣ መንገዱ ደኅና ሆኖ ስም ተርጓሚው ዲ ኤን ኤስ ጐድሏል ማለት ነው። ይህ የስልክ መስመር እያለ የስልክ ቍጥር ማውጫው እንደ ጠፋ ያህል ነው። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ግን ለጥንቃቄ ሲሉ የፒንግን ጥያቄ እንዳያልፍ ይከለክላሉና፣ ዝምታውን ብቻ ይዞ ፍርድ መስጠት አይገባም፤ ጎረቤታችን በዚያው ሰዓት ይሠራ እንደ ሆነ መጠየቅ ጥሩ ማመሳከሪያ ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ እነዚህ አምስት ደረጃዎች ገመድ፣ ካርድ፣ አድራሻ፣ በር፣ ስም ተብለው በአምስት ጣት ሊቈጠሩ ይችላሉ። በተራ ለሄደ ሰው ጉድለቱ የት እንዳለ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይለያል። በተራ ላልሄደ ግን ደኅናውን እያበላሸ፣ የተበላሸውን እየሸፈነ፣ ከሥራው ሰዓት ግማሹን ያጠፋል። ከዚህ ጋር ሦስት ልማዶች ቢያዙ መልካም ነው። አንደኛ፣ ማንኛውንም ቍጥር ከመለወጥ በፊት የነበረውን በወረቀት ላይ መጻፍ፤ መመለሻ መንገድ ያለው ሰው አይጠፋምና። ሁለተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና ውጤቱን ማየት፤ ሦስት ነገር ለውጦ የዳነ ሰው በየትኛው እንደ ዳነ አያውቅም። ሦስተኛ፣ የለወጡትን ለሚመለከተው ባለሙያ ማስታወቅ።

እኔ ከሦስቱ አንዱን እንኳ ብፈጽም ኖሮ ያች ወይዘሮ ባልተወቀሰች ነበር። ቍጥሯን ስወስድ የማውቃት አልመሰለኝም፤ የወሰድሁትም ከማሽን እንጂ ከሰው አልመሰለኝም። ነገር ግን በመሥሪያ ቤት ውስጥ ከእያንዳንዱ ቍጥር በስተኋላ አንድ ሰው ተቀምጧል፤ ከእርሱም በስተኋላ ደብዳቤውን፣ ደመወዙን ወይም ፍርዱን የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ። ኡቡንቱ የሚለው ቃል ራሱ ከደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች የተገኘ ሲሆን፣ ትርጕሙም ሰው ለሰው የሚያሳየው ሰብአዊነት ነው። ያን ስም በማሽኔ ላይ ተሸክሜ የጎረቤቴን አድራሻ መንጠቄን ሳስብ ዛሬም አፍራለሁ።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ወደ ሥራችን ስንገባና ኢንተርኔቱ እምቢ ሲለን፣ ከቍጣ በፊት ጎንበስ ብለን የገመዱን መብራት እንይ፤ ከዚያም በተራ እንሂድ። ወደ ቍጥሩ በደረስን ጊዜ ደግሞ የተሰጠንን ብቻ እንጻፍ።